ድግጣ ብዬ የገዛሁት ድግጣ አልነበረም

ሐዋሳ ያለው ግቢያችን የቆርቆሮ አጥር ነው ያለው። ከፀሐዩ ጋር ሲታይ ዓይን ይወጋል። አያቴ ጓሮ የነበረው ድግጣ የሚባል ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ትዝ አለኝና ከአንድ ችግኝ ሻጭ ስድስት ችግኝ ገዛሁ። «ድግጣ ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ምን ጥያቄ አለው!» አለኝ።

ሲያብብ ቢጫ ነው፤ ግን አበባው እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጎረቤታችን እትዬ በልጅነታቸው የድግጣ ቅጠል እየወቀጡ ከጥጃ ላይ መዥገር ያረግፉበት ነበር። ገና አንድ ዘለላ ቅጠል እንደቀጠፉ፣ «ልጄ፣ ተሸወድክ» አሉኝ። በጣታቸው ጫፉን አሳዩኝ። የድግጣ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዱና መጨረሻ ላይ አንዲት ለብቻዋ ትቀራለች። የእኔው በጥንድ ነው ያለቀው፤ የሰናመኪ ወገን ኖሯል። አበባውም ቢሆን የድግጣ እንደ ጉትቻ ወደ ታች ይንጠለጠላል።

ከዚያ ወዲህ የሳይንስ ስሙን ሳልይዝ ችግኝ አልጠይቅም፦ ካልፑርኒያ አውሪያ። አውሪያ በላቲን «ወርቃማ» ማለት ነው። ካልፑርኒያ የመጣው ከሮማዊው ገጣሚ ከካልፑርኒየስ ነው። ሰውዬው የሌላውን ሮማዊ ገጣሚ የቨርጂልን ፈለግ ተከትሎ ይገጥም ነበር፤ ተክሉ ደግሞ ቪርጂሊያ የሚባለውን ዛፍ ይመስላል። የዕፅዋት ሊቆችም ይቀልዳሉ ለካ! ስሙ በሙሉ ሲጻፍ ከኋላው በቅንፍ የሚታየው «አይተን»፣ ተክሉን በ1789 እ.ኤ.አ. ሶፎራ አውሪያ ብሎ መጀመሪያ የመዘገበው የዕፅዋት ሊቅ ስም ነው፤ ቀጥሎ ያለው «ቤንታም» ደግሞ ወደ ካልፑርኒያ ያዛወረው ሊቅ ነው።

ዘሩን ራሴ ከወንዶ ገነት መንገድ ዳር ከደረቀ ፍሬ ለቀምኩ። እንዳለ የዘራሁት ሃያ ፍሬ ሦስት ብቻ በቀለ፤ ቅርፊቱ ድንጋይ ነው። በሁለተኛው ዙር ከእሳት የወረደ ውሃ አፍስሼበት አሳደርኩት። ያበጠውን ዘራሁ፣ ያላበጠውን በጥፍር መቁረጫ ጫፉን ጫር አደረግሁት። በሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ብቅ አለ።

ጥፋቴ ማዘግየቴ ነው። በፕላስቲክ ከረጢት ሳቆያቸው ሥራቸው ቀዶ መሬት ገባ። ስነቅላቸው ተበጠሰ፤ አራቱ ደረቁ። የተረፉትን በሰኔ ዝናብ ተከልኩ፤ አሁን ስንዝር ሲሞላቸው አልቆይም። ከቆርቆሮው ያለፉት ሁለቱ ዘንድሮ አበቡ፣ ንቡ ጠዋት ጠዋት ያንጫጫቸዋል። እትዬም አንድ እቅፍ ቅጠል ቆርጠው ወሰዱ፤ በጋቸው ቅማል አለበት አሉ።