ባዶውን ሲሆን ጀግና የሆነው ኮንቨርተሬ

ሎድ፣ ማለትም ካረንት የሚስብ ሥራ፣ ያልተሰጠው ኮንቨርተርን የሚያህል ጉረኛ አላየሁም። የኔው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ 19.0 ቮልት ያሳያል። 18.9 አይልም፣ 19.1 አይልም። ፎቶ አንሱኝ ነው የሚለው።

የሰራሁት ቡስት ኮንቨርተር ነው። ከባትሪ 12 ቮልት ተቀብሎ ወደ 19 ከፍ በማድረግ ላፕቶፕ ቻርጅ እንዲያደርግ ታስቦ። አዛዡ ዩሲ3843 የሚባለው ቺፕ ነው፣ ጉልበቱ በፍጥነት የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ሞስፌት፣ ኮይሉን ደግሞ ከሞተ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ በፈታሁት ቢጫና ነጭ ቀለበት ላይ ራሴ ጠመጠምኩት። ታናሽ እህቴ ቁጥሩን አይታ «በቃ ላፕቶፔን ልሰካው?» አለች። ቆይ፣ መጀመሪያ በላፕቶፑ ፋንታ ካረንት በሚስብ ሬዚስተር እንፈትነው አልኳት። ጎሽ እኔ።

ባለ 10 ኦም ትልቅ ሬዚስተር ሰካሁ። ወደ 2 አምፔር ሳበ፣ 19 ቮልቱም ንቅንቅ አላለም። ልቤ አበጠ። ሁለተኛውን በትይዩ ስጨምርበት ጉድ ፈላ! ኮይሉ ዝዝዝዝ ማለት ጀመረ፣ መልቲሜትሩ 11 ምናምን ላይ ይዋልላል። ሬዚስተሩን ነቀልኩት፣ 19.0። መለስኩት፣ ዝዝዝዝ። እህቴ «ሥራ ሲሰጡት ነው እንዴ የሚያመው?» ብላ ወጣች።

እዚህ ላይ ያ 11 ቮልት ሰው ያሳስታል። ግማሽ በግማሽ እየሰራ ነው ያስብላል። ቡስት ኮንቨርተር ግን ሞስፌቱ ጭራሽ ሥራ ቢያቆምም የባትሪው ቮልቴጅ በኮይሉና ካረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው ዳዮድ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ 11 ቮልት ማየት ማለት አብዛኛውን ጊዜ ተኝቷል ማለት ነው።

ሁሉን የሚያውቅ ጓደኛ አለኝ። ደወልኩለት። ጥያቄዬን ሳልጨርስ «ኮይሉ ነው፣ ሳቹሬት አድርጎብህ ነው» አለኝ። ነገሩ ውሸት አይደለም፣ ካረንት ሲበዛ ቀለበቱ በማግኔት ሞልቶ ከዚያ በላይ መያዝ ያቅተዋል፣ ያኔ ኮይሉ ተራ ሽቦ ይሆናል፣ ካረንቱም ያለ ገደብ ይሮጣል። ፈታሁት። ትልቅ ቀለበት ላይ እንደገና ጠመጠምኩ። ዝዝዝዝ። «እንግዲያው ሞስፌቱ ፎርጅድ ነው» አለ። ቀየርኩት። ሙቀቱንም በጣቴ ለካሁት፣ ቴርሞሜትሬ እስካሁን ያመኛል። ዝዝዝዝ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዳዮዱ 1ኤን4007 አይደለም አይደል?» ሲለኝ ግን ተቀየምኩ። ያ ዳዮድ ለ50 እና ለ60 ኸርትዝ የተሰራ ነው፣ በ100 ኪሎኸርትዝ ካሰሩት ቶሎ መዝጋት አቅቶት ይጋግራል። እኔ ሾትኪ የሚባለውን ፈጣን ዳዮድ ነው ያደረግኩት። ይህን ያህል ደግሞ አልተናቅኩም።

«ባትሪውስ?» አለ። 12.4 ቮልት። በሎድም ያው 12.4። «ታዲያ ቺፑ ነው» ብሎ ፈረደና ስልኩን ዘጋ።

ቺፑን ልነቅል ካውያው እስኪግል ስጠብቅ እህቴ ቻርጀሯን ፍለጋ ተመልሳ ገባች። ከባትሪው ወደ ቦርዱ የሚሄደውን ቀይ ሽቦ ገፋ ልታደርግ ነካችውና «ኡፍ! ይሄ ደግሞ ለምንድነው እንዲህ የሚያቃጥለው?» አለች።

ዝም አልኩ። ከዚያ የመልቲሜትሩን ጫፎች ከባትሪው አንስቼ ቦርዱ መግቢያ ላይ አሳረፍኳቸው። 12.4 የነበረው እዚያ ሲደርስ 8 አካባቢ ይንቀጠቀጣል።

ሁለቱም ጫፋቸው ላይ የሚነክስ ክሊፕ ያላቸው፣ በጥቅል የሚሸጡት ሽቦዎች ናቸው። አንዱን ላጥኩት። ላስቲኩ ጣት ሊያክል ምንም አልቀረው፣ ውስጡ ግን ጥቂት የመዳብ ክሮች ብቻ፣ እነሱም ክሊፑ ላይ አልተበየዱም፣ ብረቱ ተጣጥፎ ጨብጧቸዋል። ሁለቱ ተደምረው 0.6 ኦም። ሲያዩት ኢምንት ነው። ግን 5 አምፔር ሲያልፍበት 3 ቮልት እዚያው ይቀራል። ኮንቨርተሩ ደግሞ ክፋቱ፣ ቮልቴጅ ሲያጥረው ያንኑ ዋት ለማሟላት የባሰ ካረንት ይስባል፣ የባሰ ሲስብ ሽቦው ላይ የባሰ ይቀራል፣ እንዲህ ሲጎተት ቺፑ 7.6 ቮልት ላይ ይደርስና «እኔ በዚህ አልሰራም» ብሎ ያጠፋል። ሲያጠፋ ሎዱ ይቀላል፣ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ 8.4ን ሲያልፍ እንደገና ይነሳል። ያ ዝዝዝዝ የሚለው ድምፅ ይሄ ነበር። ምስኪን ቺፕ፣ ለጥቂት ከመነቀል ተረፈ።

ወፍራምና አጭር ሽቦ ቀጥታ በየድኩበት። መግቢያው ላይ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨመርኩ። ሁለቱንም ሬዚስተሮች ሰካሁ። ቦርዱ ጋ 12.1፣ መውጫው ላይ 18.9። ድምፅ የለም። ለጓደኛዬ ደወልኩ። ሽቦ መሆኑን ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኔ እኮ ከመጀመሪያው መግቢያውን እይ ብዬህ ነበር!» መቼ? ክርክሩ ረዘመ። ድምፃችን ከፍ አለ። እኛ ስንጨቃጨቅ የአፍንጫዋ ነገር የማይታማው እህቴ ከወዲያኛው ክፍል «አንተ! ጠረጴዛው!» ብላ ጮኸች።

ለካ ኮንቨርተሩ ሲያምፅ ሬዚስተሮቹም ተዝናንተው ነበር። አሁን ግን እያንዳንዳቸው 36 ዋት እየጠጡ ነው። 50 ዋት ይችላል ተብሎ የተጻፈባቸው ደግሞ ሰፊ ብረት ላይ በብሎን ሲታሰሩ ነው እንጂ የእማዬ ጠረጴዛ ላይ ሲጋደሙ አይደለም።

ላፕቶፑ አሁን ቻርጅ ያደርጋል። እማዬ ክፍሉ ውስጥ ካለች ግን ከሁለቱ ጥቋቁር ምልክቶች ላይ እንዳይነሳ ተስማምተናል። እህቴ ለዝምታዋ ሁለተኛ ኮንቨርተር ጠይቃለች፣ የስልክ።