ቀዩ ድንጋይና የአያቴ ዋርካ

ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ከተማ ከገባን ስድስት ዓመት ሆነን። ዘመድ በደወለ ቁጥር «እዛ አገር ምን የሚታይ ነገር አለ?» ይለኛል። እኔም «በቆሎና ንፋስ» እል ነበር። እውነቴን ነው፣ ሌላ አላየሁም። ስጋ ፋብሪካ በሌሊት ሺፍት ነው የምሠራው። ስወጣ ይነጋል፤ ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ እተኛለሁ። ቅዳሜ አስቤዛ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን። ዲሲና ሲያትል ያሉ ጓደኞቼ የሚለጥፉትን ፎቶ እያየሁ፣ ለእኛ የደረሰን ባዶ ሜዳ ነው ብዬ ተቀምጬ ነበር።

ባለፈው መስከረም ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «እማዬ፣ ፓይፕስቶን ውሰጂኝ» አለችኝ። አራተኛ ክፍል ናት። ከነጮች በፊት እዚህ ስለነበሩት ሕዝቦች እየተማሩ ነበር። ስልኬ ላይ ብፈልገው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ስሙን እንኳ ሰምቼ አላውቅም።

ፓይፕስቶን በሚኒሶታ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ያለ የገጠር ካውንቲ ነው። ዋና ከተማውም ስሙ ያው ነው። መንገዱ ግራና ቀኙ መድረቅ የጀመረ በቆሎና አኩሪ አተር፣ ከማዶ ደግሞ አዳማ ላይ እንዳሉት ያሉ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተደርድረው ይሽከረከራሉ። ከተማው ውስጥ ስትገቡ ቀድሞ ዓይናችሁን የሚይዘው የሕንፃዎቹ ቀለም ነው። ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ ድንጋይ። ሱ ኳርትዛይት ይባላል፤ ከዚያው ምድር ተፈልፍሎ የወጣ ነው። በ1888 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተሠራው ካሉሜት ሆቴል፣ በ1896 የተሠራውና ዛሬ የካውንቲው ሙዚየም የሆነው የድሮው ማዘጋጃ ቤት፣ ባለ ጉልላቱ ፍርድ ቤት፣ ሁሉም የዚያ ድንጋይ ልጆች ናቸው። ሙዚየሙን በችኮላ ነው ያየነው፤ ልጄ እጄን እየጎተተች «ዋናው ቦታ፣ ዋናው ቦታ» ስትል አላስቆም አለችኝ።

ዋናው ቦታ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የፓይፕስቶን ብሔራዊ መታሰቢያ ነው። በ1937 ነው በሕግ የተከለለው። መግቢያ አይከፈልም። ከጠንካራው ኳርትዛይት ሥር በስስ ተነጥፎ የሚገኝ ለስላሳ ቀይ ድንጋይ አለ። የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ለጸሎት የሚያጨሱበትን ፒፓ የሚጠርቡት ከእሱ ነው። ከእነሱ አንዱ የሆኑት ላኮታዎች ፒፓውን ቻኑፓ ይሉታል። በሳይንስ ድንጋዩ ካትሊናይት ይባላል፤ በ1836 እዚህ መጥቶ ቦታውን በሥዕል ባስቀረው በጆርጅ ካትሊን ስም ነው። ይህ ነገር ከንክኖኛል። ለዘመናት ሲቆፍሩት የኖሩ ሕዝቦች ስም አውጥተውለት ሳለ፣ መጽሐፍ ላይ የገባው የእንግዳው ስም ነው።

ዙሪያውን የሚያስኬድ አጭር መንገድ አለ፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ልጅ ይዞም፣ ሽማግሌ ይዞም አያስቸግርም። መሐል ላይ ዊኔዊሳ የምትባል ፏፏቴ ከቀዩ ገደል ትወርዳለች። ትልቅ አይደለችም። ግን በዚያ ሁሉ ሜዳ መሐል የውኃ ድምፅ ስትሰሙ ሰውነታችሁ ይረጋጋል።

ዛፎቹን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቅርንጫፎቻቸው ላይ ጨርቅ ታስሯል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ጥቁር። አንዳንዱ አዲስ ነው፤ አንዳንዱ ዝናብና ፀሐይ በልቶት ክር ብቻ ቀርቷል። ባለሁበት ቆምኩ። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። አያቴ ቤት ከጓሮው ወረድ ብሎ አንድ ዋርካ ነበር። አድባር ነው። አያቴ በክብር ቀን ግንዱን ቅቤ ትቀባለች፤ ቡና ሲፈላ ከአቦሉ ለእሱ ሳታፈስ ለሰው አትቀዳም። እኛ ልጆቹ በዚያ በኩል ስናልፍ ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር። ማንም አልተቆጣንም፤ እንዲሁ ነው የምናውቀው። አሁን ደግሞ ሚኒሶታ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልጄን «እንዳትነኪው» አልኳት። ጨርቆቹ የሰው ጸሎት ናቸው። ዛሬም የሚያስሯቸው አሉ።

ልጄ «ለምን?» አለችኝ። አድባር ለሚለው ቃል እንግሊዝኛ አጣሁለት። በአማርኛ ነገርኳት፤ ግማሹን ብቻ እንደገባት አውቃለሁ።

ወደ ጉድጓዶቹ ስንጠጋ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። አንድ ሰውዬ ከቁመቱ በላይ በሚዘልቅ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ኳርትዛይቱን ይመታል። በመዶሻ፣ በሽብልቅ፣ በመፈንቀያና በአካፋ ብቻ ነው የሚቆፈረው። ሞተር አይገባም፤ ድማሚት አይነካም። መቆፈር የሚችሉትም መንግሥት ዕውቅና የሰጣቸው ጎሳዎች አባላት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ፈቃድ አውጥተው። ለስላሳው ድንጋይ ዘንድ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጃል። ያ ሁሉ ልፋት ውፍረቱ ጥቂት ኢንች ለሆነ ንጣፍ ነው። ፎቶ ላንሳ ብዬ ስልኬን አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። ቤተ መቅደስ ገብቶ የሚጸልይ ሰው ፊት ላይ ካሜራ አይደቀንም።

የጎብኚዎች ማዕከሉ ውስጥ አንድ አዛውንት ተቀምጠው ድንጋይ ይጠርባሉ። በእንግሊዝኛ ነው ያወራነው፤ ልቤ ግን «አንቱ» እያለ ነበር። ቁራጩን ውኃ ነክረው አሳዩን። ደረቁ ድንጋይ የደበዘዘ ነበር፤ ውኃ ሲነካው ቀለሙ እንደ በርበሬ ቀላ። ልጄ በጥፍሯ ጫር ስታደርገው ምልክት ያዘ። ተጠርቦ ካለቀ በኋላ በእሳት አሙቀው ሰም እንደሚቀቡት ነገሩን። የንብ ሰም። ያኔ ነው የሚያበራው።

እጄ ላይ የማስረውን ድጋፍ አይተው ኖሯል። «ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ። ስጋ ፋብሪካ እንደምሠራ፣ ቢላ ስይዝ ስለማድር ጣቶቼ እንደሚደነዝዙ ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ የራሳቸውን እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። አውራ ጣታቸው ጎብጧል፤ መዳፋቸው እንደ ቅርፊት ሆኗል። ሁለታችንም እጃችንን ዘርግተን ትንሽ ቆየን። ከዚያ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ስለ ዋርካው ነገርኳቸው። ቡናው ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ ትንባሆ ነው የምናኖር» አሉ።

የቦታው ታሪክ ግን የሚያስደስት ብቻ አይደለም። በ1858 በተፈረመው ውል ያንክተን ሱ የሚባሉት ቀደምት ሕዝቦች ድንጋዩን በነጻ የመቆፈር መብታቸው ተጠብቆላቸው ነበር። ይሁንና መንግሥት በ1893 እዚያው መሬት ላይ ለቀደምት ሕዝቦቹ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። ያንክተኖቹ ተከራክረው በ1926 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካሳ ይገባቸዋል አለ። ትምህርት ቤቱ እስከ 1953 ሠርቷል። በዚያ ዘመን እንዲህ ባሉ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ከእናታቸው ነጥለው ያመጡ ነበር፤ ፀጉራቸውን ይቆርጣሉ፣ በቋንቋቸው ሲናገሩ ከተገኙ ይቀጣሉ። እንግዲህ አስቡት፤ የአያቶቻቸው የጸሎት ድንጋይ ደጃፋቸው ላይ፣ እነሱ ግን የራሳቸውን ቃል እንዳይናገሩ ተከልክለው።

ይህን ያነበብኩት ልጄ አጠገቤ ቆማ ነው። ጠዋት በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። እኔን ማንም አልከለከለኝም። ሥራ ደክሞኝ ነው ዝም የምለው። እሷም የኔን ዝምታ ነው የተማረችው። አንጀቴ ተላወሰ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመልሰናል። በጸደይ መሄድ የምትፈልጉ፣ ፏፏቴዋ ያኔ ትሞላለች፤ ጉድጓዶቹ ግን ውኃ ስለሚይዙ ቆፋሪ ላታገኙ ትችላላችሁ። ለቁፋሮው ከበጋው መገባደጃ ጀምሮ ያለው ጊዜ ይሻላል። ቀን ከተረፋችሁ በስተደቡብ ባለው ሮክ ካውንቲ ብሉ ማውንድስ የሚባል ፓርክ አለ፤ የጎሽ መንጋ ታያላችሁ። የጨርቆቹን ነገር ግን አደራ። ልጆቻችሁን ከመኪና ሳይወርዱ ንገሯቸው።

ያን ቀን ስንመለስ ልጄ ከኋላ ወንበር ሆና «እማዬ፣ የእማማ ዛፍ አሁንም አለ?» አለችኝ። በአማርኛ ነው። አላውቅም አልኳት። ማታ ወሎ ደወልኩና እናቴን ጠየቅኳት።

«ዋርካው አለ ወይ?»

«አለ እንጂ» አለችኝ። «ቆይ፣ ምን ሰምተሽ ነው?»

ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት።