ወባን በሞዴል መማር፦ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ቁልቁል

ሰላም ወዳጆች። የበሽታ ሞዴል፣ ማለትም የበሽታን ስርጭት በሒሳብ ቀመር ማስላት፣ መማር ከጀመርኩ ወዲህ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። የያዝኩት ወባን ነው። ሰሜን ሸዋ ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ መማሪያ ያለ አይመስለኝም፤ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር አልፎ ደብረ ሲናን፣ አርማንያን እያለ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ጉዞ ወባ የማይተላለፍበትን ደጋና ወባ የሚመላለስበትን ቆላ ያያል። ለምን ሲባል ሁላችንም «ደጋው ስለሚበርድ ነዋ!» እንላለን። ልክ ነው። ግን ብርዱ የሚከለክለው ምኑን ነው? ሞዴሉ ላይ ቁጭ ያልኩት ይህን ለማወቅ ነው።

ወባን በቀመር የማስላት ሐሳቡ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1897 ህንድ ውስጥ የወባን ተሐዋሲ በትንኝ ጨጓራ ግድግዳ ላይ አገኘ፣ በ1902 የኖቤል ሽልማት ወሰደ፣ ከዚያ ወደ ሒሳብ ዞረ። ወባን ለማቆም ትንኝን ጨርሶ ማጥፋት አያስፈልግም፣ ከተወሰነ መጠን በታች ማውረድ ይበቃል ብሎ በቀመር አሳየ። በ1950ዎቹ ጆርጅ ማክዶናልድ ቀመሩን አሻሻለው። እኔም የያዝኩት የሁለቱን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ትንኟ የታመመ ሰው ደም ስለመጠጠች ብቻ ያኔውኑ በሽታ አታስተላልፍም። ተሐዋሲው በሆዷ ውስጥ መብሰል፣ ከዚያ ወደ ምራቋ መድረስ አለበት። ይህ ጊዜ የሚወሰነው በሙቀት ነው። ፋልሲፓረም ለሚባለው፣ ለከባዱ የወባ ተሐዋሲ ዓይነት፣ የመብሰያውን ቀን ለማወቅ የሚሠራበት ቀላል ስሌት አለ፦ 111ን፣ ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ በላይ ባለው ልክ ማካፈል። በ25 ዲግሪ (111 ሲካፈል ለ9) 12 ቀን ገደማ ይፈጃል። በ20 ዲግሪ 28 ቀን ይሆናል። በ18 ከ55 ቀን ያልፋል። 16 ላይ ስሌቱ ራሱ ይቆማል፤ ተሐዋሲው አያድግም ማለት ነው።

ይህን ከትንኟ ዕድሜ ጋር ስታገናኙት ነው ነገሩ የሚገለጠው። አንድ ትንኝ ዛሬን ኖራ ነገን የማየት ዕድሏ 90 በመቶ ነው እንበል። ኤክሴል ላይ በአንድ ዓምድ ቀኑን፣ በሌላው የተረፉትን ጻፉ፤ እያንዳንዱን መስመር በ0.9 እያባዙ መውረድ ብቻ ነው። ከ100 ትንኞች 12ኛው ቀን ላይ 28 ያህል ይቀራሉ። 28ኛው ቀን ላይ 5። 55ኛው ቀን ላይ ከ1,000 ሦስት። እንግዲህ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ደጋው ላይ ተሐዋሲው ሳይበስል ትንኟ ትሞታለች። ይህን በራሴ ቁጥር ሳየው በጣም ነው ደስ ያለኝ!

ቀጥሎ የቁጥጥሩን ጉዳይ ሞከርኩ። የትንኞቹን ቁጥር በግማሽ ብንቀንስ በ25 ዲግሪ ለማስተላለፍ የሚደርሱት ከ28 ወደ 14 ይወርዳሉ። ቁጥራቸውን ሳንነካ የቀን የመትረፍ ዕድላቸውን ከ90 ወደ 80 በመቶ ብናወርድስ? ወደ 7! በዚያ ላይ የደረሱትም የሚቀራቸው ዕድሜ ከ9 ቀን ተኩል ወደ 4 ቀን ተኩል ያጥራል። የቤት ውስጥ ርጭትና መድኃኒት የተነከረ አጎበር ለምን ያን ያህል ኃይል እንዳላቸው የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ደም መጥጣ የጠገበች ትንኝ ግድግዳ ላይ ታርፋለች፣ ግድግዳው ደግሞ ተረጭቷል። አጎበሩን ለእህል መሸፈኛ የሚያደርግ ጎረቤት ካላችሁ እባካችሁ ይህን ስሌት አሳዩት።

የነከሳ መጠኑ ደግሞ ቀመሩ ውስጥ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚገባው፤ ትንኟ አንዴ ለመያዝ፣ አንዴ ለማስተላለፍ፣ ሁለቴ ሰው መንከስ አለባት። እኛ ዘንድ ዋናዋ አስተላላፊ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ከብትም ትነክሳለች። ግማሹን ደም ከከብት ካገኘች ስርጭቱ ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው፤ ግን ከብቱ ብዙ ትንኝ የሚመግብ ከሆነ ጥቅሙ ሊጠፋ ይችላል፣ ስለዚህ ይህን ውጤት ብቻውን ይዞ መሮጥ አይገባም።

አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ከ25 ወደ 27 ዲግሪ ብንወጣ የመብሰያው ጊዜ የሚያጥረው በ2 ቀን ገደማ ነው። ከ18 ወደ 20 ብንወጣ ግን በግማሽ! አደጋው ያለው ወይና ደጋው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 አገራችን ላይ የወረደው የወባ ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ነበር የበረታው፤ ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው በዝቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፣ 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ወባን የማያውቀው ሕዝብ የመከላከል አቅም አልነበረውም። ይህን የመከላከል አቅም ሞዴሌ ውስጥ ገና አላስገባሁም። የቤት ውስጥ ሙቀትንም እንዲሁ፤ ምድጃ የሚነድበት፣ ከብት የሚያድርበት ቤት ከውጪው ይሞቃል፣ ትንኟም የምታርፈው እዚያው ነው።

አሁን የያዝኩት ቫይቫክስ የሚባለውን ሌላውን የወባ ተሐዋሲ ዓይነት ነው። የሱ ስሌት 105ን፣ ሙቀቱ ከ14.5 በላይ ባለው ልክ ማካፈል ነው፤ በ18 ዲግሪ 30 ቀን ይሆናል፣ ከፋልሲፓረም በብዙ ያጠረ። ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚያገረሽ ለሱ ሞዴሉ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ክፍል (ተሐዋሲው ጉበታቸው ውስጥ የተደበቀባቸው ሰዎች የሚቆጠሩበት) ያስፈልገዋል። የሁለቱን ውጤት ለደብረ ሲና ጎን ለጎን ማውጣት እፈልጋለሁ። የደብረ ሲናን የየወሩ አማካይ ሙቀት የያዘ ሰው ካለ ያካፍለኝ፤ ኤክሴሉንም ለሚፈልግ እልካለሁ።