ጥርስ የሌለው ሁሉ የ1861 ቴምብር አይደለም

የቤልጅየምን የመጀመሪያ ቴምብሮች ለመሰብሰብ ካሰባችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በፈረንጆች አቆጣጠር በሐምሌ 1849 የወጡት ሁለቱ፣ ቡናማው 10 እና ሰማያዊው 20 ሳንቲም፣ አያስቸግሩም። ንጉሥ ቀዳማዊ ሊዮፖልድ ትከሻቸው ላይ ትልልቅ የመኮንን ጌጥ ስላለ ወዲያው ይለያሉ።

ራስ የሚያዞሩት ቀጥለው የመጡት ናቸው። ንጉሡ በሞላላ ክፈፍ ውስጥ ናቸው፤ ያው ሥዕል ከአሥር ዓመት በላይ ታትሟል። የተለወጠው ወረቀቱና ጠርዙ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱ ውስጥ፣ እንደ ብር ኖት፣ የተደበቀ ምልክት ነበረው፦ የተጠላለፉ ሁለት የኤል ፊደላት፣ ዙሪያቸውን በመስመር የታጠሩ። በ1851 መስመሩ ቀረ። በ1861 ምልክቱ ራሱ ጠፋ። በ1863 ቴምብሮቹን በቀላሉ ለመገንጠል በመሃላቸው የቀዳዳ ረድፍ ተበሳ፤ ጠርዙም ጥርስ አወጣ።

ምልክቱን ለማየት ቴምብሩን ጥቁር ሳህን ላይ በፊቱ ድፉና የላይተር ቤንዚን ጠብ አድርጉበት። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አታቅርቡ። አለቀ።

እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ብራስልስ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ያው ሥዕል ያለበትን ቀዩን 40 ሳንቲም ገዛሁ፤ ጥርስ የለውም፣ ማስታወሻው ላይ «1861» ይላል። ዋጋው ጥርስ ካለው ወንድሙ በብዙ ይበልጣል። ቤንዚን ውስጥ ምልክት አልታየም። ልክ ነው ማለት ነው? አይደለም! የ1863ቱም ምልክት የለውም። አንዱ ጥርሱን በመቀስ ከከረከመው ወረቀቱ ምንም አይናገርም።

በማጉያ መነጽር ሳየው አራቱም ጠርዞች ሥዕሉን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። ታች በስተቀኝ በኩል ጠርዙ በትንሹ ጎድጎድ ብሏል፤ የመርፌ ጫፍ የምታህል ግማሽ ክብ። የጥርስ ቀዳዳ ቅሪት ናት። ፖስታ ቤቱ የመታበት ማኅተም ደግሞ በነጠብጣብ የተሠራ፣ መሐሉ ላይ ቁጥር ያለበት ባለአራት ማዕዘን ነው። ይህ ማኅተም ሥራ ላይ የዋለው በ1864 ነው።

ይዤው ተመለስኩ። ባለሱቁ መነጽሩን እንኳ አላነሳም። «ምልክት የለውም አይደል? እንግዲህ 1861 ነው» አለኝ። ማኅተሙን ሳሳየው «ሰው የቆየ ቴምብር ይጠቀም ነበር» አለ። እውነት ነው፣ ይጠቀም ነበር። ግን ያ ማኅተም፣ ያ ጠባብ ጠርዝና ያቺ ጉድጓድ አንድ ላይ ሲመጡ አጋጣሚ አይባልም። ዕድሜውን በዚህ ሥራ የጨረሰ ሰው ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም። ገንዘቤን አልመለሰም። ለባለሙያ ምርመራ ሌላ ገንዘብ ከፈልኩ፤ መልሱ «የተከረከመ» የሚል ሆነ። እሱን ባሳየውም ትከሻውን ነቀነቀ። እስካሁን ያበግነኛል።

መመሪያዎቹ ወረቀቱን አስቀድማችሁ እዩ ይላሉ። እኔ ግን መቀስ የነካውን ጠርዝ አስቀድሙ እላለሁ። ጥርስ የሌለው የ1861 ቴምብር ከፈለጋችሁ ነጠላ አትግዙ፤ ሳይቆረጥ የተያያዘ ጥንድ ግዙ። በሁለቱ መሃል ቀዳዳ ቢኖር ማንም ከርክሞ ሊያጠፋው አይችልም። ጥንዱ ውድ ነው፣ ይሁን። አቅም ካልፈቀደ ጥርስ ያለውን የ1863 ይዛችሁ ቆዩ፤ እሱም ያምራል። የግድ ነጠላ ከሆነ ደግሞ ባለሱቁ ደረሰኙ ላይ «1861፣ ያልተከረከመ፣ ካልሆነ ገንዘብ ይመለሳል» ብሎ ይፈርም። እምቢ ካለ ቴምብሩን በወረንጦ አንስታችሁ ጠረጴዛው ላይ መልሱለትና ውጡ።