የማመልከቻዬ ጀርባ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን እመሰክራለሁ ብዬ ከተሳልኩ ዓመታት አልፈዋል። የዘገየሁት ረስቼው አይደለም። ሌሎች «ለመንኩት፣ ሰጠኝ» ብለው ሲመሰክሩ የእኔ ነገር ከዚያ ጋር አልገጥም ብሎኝ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አንድ ነገር ለምኜ አልተሰጠኝም። የምመሰክረውም ይህንኑ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ከተማችን ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ አባቴም ዕድሜውን የፈጀው በምድር ባቡር ነው። እሱ ጡረታ ሲወጣ አሮጌው ባቡርም አብሮት ጡረታ የወጣ ያህል ነበር። ከዚያ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ አዲስ ሐዲድ ሊዘረጋ ነው ተባለ። ያን ዕለት እኔ መሐንዲስ እንድሆን በቤታችን ተወሰነ። እኔም ከልቤ ተቀበልኩት፤ የሒሳብ ደብተሮቼ የኋላ ገጾች በሙሉ ድልድይ ብቻ ነበሩ።

እናቴ በበኩሏ የ12ኛ ክፍል ፈተና ስወስድ ለቁልቢ ገብርኤል ዣንጥላ ተሳለች። «ልጄን ዩኒቨርሲቲ አስገባልኝ» አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም። የትኛው የትምህርት ክፍል እንደሆነ አልነገረችውም። ስለት የምትሳሉ ሰዎች ይህን ልብ በሉ።

በ2005 ዓ.ም. ከቤቴ እጅግ ርቆ በምዕራብ ወደሚገኝ ዩኒቨርሲቲ፣ ያውም ወደ ጤና ሳይንስ ተመደብኩ። እዚያም ድልድል ሲወጣ ነርሲንግ ደረሰኝ። በስልክ ስነግረው አባቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «ምግቡ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ «ለሴት ልጅ ጥሩ ሥራ ነው» ብላ እናቴን አጽናናቻት። እናቴ ግን ማጽናኛም አላስፈለጋት፤ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ዣንጥላውን ገዛች።

የመጀመሪያው ዓመት አልቆ ስመለስ ሐምሌ 19 ስለቷን ልናስገባ አብረን ቁልቢ ወጣን። ደብሩ ራስ መኮንን ስለ ዓድዋ ድል ምስጋና ያሠሩት ነው ይባላል፤ የተሳለ ሁሉ የሚጎርፍበት ቦታ ነው። ሐምሌ 19 ቅዱስ ገብርኤል ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላ ውሃ ያዳነበት መታሰቢያ በመሆኑ እኔም የራሴን ጉዳይ ይዤ ነበር የሄድኩት። ሕፃንና እናት ከፈላ ውሃ ያወጣ መልአክ አንድ ተማሪ ከነርሲንግ ማውጣት እንዴት ያቅተዋል? ጮክ ብዬ ሳልል አልቀረሁም መሰለኝ፣ እናቴ ዘወር ብላ «መጀመሪያ ያደረገው ውሃውን ማብረድ ነው» አለችኝ። ተናድጄ መልስ አልሰጠኋትም።

«ጉዳዩ፦ የትምህርት ክፍል እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ» የሚል ማመልከቻ ለሬጅስትራር ሁለት ጊዜ አስገብቼ ሁለት ጊዜ ተመለሰብኝ። ሦስተኛውን ጽፌ፣ አራት ላይ አጥፌ፣ በነጩ ጋውኔ ኪስ ይዤው እዞር ጀመር። ሦስተኛ ዓመት ደርሼም ኪሴ ውስጥ ነበር። በሦስተኛ ዓመት ማንም እንደማይቀይርልኝ አውቃለሁ፤ ግን አልጣልኩትም። ጠዋትም ማታም ጸሎቴ አንድ ነው፦ «ከዚህ አውጣኝ።»

ከትምህርቱ በጆሮዬ የቀረ ነገር ቢኖር አንድ አስተማሪያችን የነገሩን ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ ነበር። የንጉሥ ልጅ የታማሚ አልጋ አንጥፋለች። አገሯ ከገባች በኋላ ብዙም አልቆየች፤ በ1934 ዓ.ም. በነቀምት ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ዐረፈች። መታሰቢያ ሆስፒታል የተሠራላት በኋላ ነው። እኔ ያኔ የያዝኩት «የንጉሥ ልጅ» የሚለውን ብቻ ነበር፤ ሥራውን ለሚንቁ የሰፈራችን ሰዎች መልስ ይሆነኛል ብዬ። በምን እንደሞተች ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

ግንቦት 2007 ዓ.ም. በማዋለጃ ክፍል የሌሊት ልምምድ ላይ ነበርኩ። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድበዋል። ከገጠር የመጣች፣ ዕድሜዋ ከእኔ የማይበልጥ ወጣት ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ጊዜ በፊት ወልዳለች፤ ሕፃኑ ደኅና ነው። ተረኛዋ ሲስተር በየ15 ደቂቃው እንድከታተላት ነግራኝ ወደ ሌላ ምጥ ሄደች። የደም ግፊቷን ለካሁ፤ 110 በ70። ደስ የሚል ቁጥር ነው። ቀጥሎ መለኪያውን ለሌላ ክፍል ወሰዱት፤ በእጄ የቀረው አባቴ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የሰጠኝ የእጅ ሰዓት ብቻ ነበር። ባቡር ሲጠብቅበት የኖረ፣ የሴኮንድ ቆጣሪው የማይዛነፍ ሰዓት።

የልብ ምቷን ቆጠርኩ፤ 88። መመዝገቢያ ወረቀት ስላላገኘሁ ከኪሴ ያቺን ማመልከቻ አውጥቼ ጀርባዋ ላይ ጻፍኩት። ከ15 ደቂቃ በኋላ 98። ቀጥሎ 112። ወጣቷ አይኗን ጨፍና ዝም ብላለች፤ ለሚያያት ድካም ነው። እናቷ ግን ከአጠገቧ ሆና በአፋን ኦሮሞ አንድ ነገር ደጋግማ ትናገራለች። የድሬዳዋ ልጅ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ የሚለቅመው ከመንገድ ነውና፣ አነጋገሯ ከእኛ የሐረርጌው ቢለይም ገባኝ። «ውሃ ጠማኝ ትላለች፤ በረደኝ ትላለች» ነበር የምትለው።

በክፍል ውስጥ እንቅልፍ እያዳፋኝ የሰማሁት ያኔ መጣልኝ። ጤነኛ የነበረ ወጣት ሰው ደም ሲፈሰው ግፊቱ ቶሎ አይወርድም፤ ቀድሞ የሚናገረው የልብ ምት ነው። ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ከቤቷ ያመጡላት ጥቁር ቡናማ ጨርቅ ከሥሯ ተነጥፏል። በዚያ መብራት ምንም አይታይም። በጓንት ስነካው ርሷል፣ ይሞቃል። ሆዷን ዳሰስኩ፤ እንደ ኳስ መጠንከር የነበረበት ማሕፀን እንደ ሊጥ ለስልሷል።

ልዕልት ፀሐይ ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው።

«ሲስተር!» ብዬ ጮህኩ። ሮጣ መጣች፤ ዓይኗ ወረቀቴ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች አለፈና «ማሸት ጀምር፣ እንዳታቆም!» አለችኝ። ያለማቋረጥ ሆዷን እያሸሁ እሷ ማሕፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ወጋቻት፣ በሁለቱም የወጣቷ እጆች በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሰካችላት፣ ሐኪሙን አስጠራች፣ ደም አስመጣች። የወጣቷ እናት ከግድግዳው ተጠግታ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች። እኔም ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ ነበር። የምለውን ራሴ የሰማሁት ቆይቼ ነው፦ «ገብርኤል ሆይ፣ ይህችን ብቻ።» ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳሰለቸው ስለ ሌላ ሰው የለመንኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

ምን ያህል እንዳሸሁ አላውቅም። ክንዴ ደንዝዞ ነበር። ከዚያ ከእጄ ሥር ያ ሊጥ ቀስ በቀስ ሲጠነክር ተሰማኝ። ሊነጋጋ ሲል ምቷ 92 ሆነ፤ ሕፃኑን አምጡልኝ አለች። እናቷ እጄን ይዛ የእኔንና የእናቴን ስም ጠየቀችኝ፤ ስትጸልይ እንዳትሳሳት ነው መሰል።

ጠዋት ተረኞቹ ሲረካከቡ ሲስተር ወረቀቷን ከእጄ ወስዳ ከታካሚዋ ካርድ ጋር አያያዘቻት። ገልብጣ ፊት ለፊቱን አነበበች፤ «ጉዳዩ፦»ን እስከ መጨረሻው። ቀና ብላ አየችኝና «ትፈልጋታለህ?» አለችኝ።

«እዚያው ትሁን» አልኳት።

ያን ቀን ሰማይ ተከፍቶ የታየኝ ነገር የለም፤ እንቅልፌን ነው የተኛሁት። ከሳምንታት በኋላ ነው «ከዚህ አውጣኝ» የሚለው ጸሎቴ ሳላውቀው እንደቀረ ያስተዋልኩት። ማንም አልከለከለኝም፣ ምክንያትም አልሰጠሁም። ከአፌ ጠፋ። ሥራው ቀላል ሆነልኝ ብዬ አልዋሽም፤ የሌሊቱ ተራ ወገብ ይቆርጣል፣ ደመወዙም የታወቀ ነው። ያልተመለሱልኝ እናቶችም አሉ፤ ስማቸውን አልረሳሁም። ግን አንድም ቀን ድልድዮቼ ናፍቀውኝ አያውቁም። አባቴም አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከጎኔ ቆሞ አይቶ «ያለ አንተም ተሠራ» አለኝ፤ እየሳቀ ነበር።

እናቴን በተመለከተ አንድ ያላለቀ ጉዳይ ነበረን። በአገራችን ሴት ሐኪም «ሲስተር»፣ ወንድ ነርስ «ዶክተር» ነው የሚባሉት። ጎረቤቶች «ዶክተሩ ልጅሽ እንዴት ነው?» ሲሏት እናቴ አንድም ቀን አርማ አታውቅም፤ «ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ነበር መልሷ።

ባለፈው ታኅሣሥ 19 ለንግሥ ከደንገጎ ጀምረን በእግራችን ቁልቢ ወጣን። ዛፍ ሥር አረፍ እንዳልን አንድ አረጋዊ ጫማቸውን አውልቀው ውሃ የቋጠረ እግራቸውን ሊያፈርጡት በመርፌ ሲታገሉ አየኋቸውና ቦርሳዬን ይዤ ተጠጋሁ። «አባባ፣ አያፍርጡት፤ ቆዳው ይሸፍንልዎታል» ብዬ አጥቤ በፋሻ ጠቀለልኩላቸው።

«ተባረክ፣ ዶክተር» አሉኝ።

«ዶክተር አይደለም» አለች እናቴ ከኋላዬ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ነርስ ነው።»

አረጋዊው ሁለታችንንም አየት አየት አደረጉና ሌላኛውን እግራቸውን ዘረጉልኝ።