የበጋ ድንጋይ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ መውጫ ላይ የአንድ መጋዘን አጥር ስናሠራ ነው። ሳይት ኢንጂነር ከሆንኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ። ወሩ ሚያዝያ፣ እኔ ሲሚንቶ ፍለጋ ከተማ ገብቻለሁ። ፎርማኑ ደወለ።

«ኢንጂነር፣ ጠንካራው ጋ ደርሰናል። ድጅኖ አልገባ ብሏል።»

«በቃ፣ ግንቡን ጀምሩ» አልኩ። አለት ነው ወይስ ገረጋንቲ (ለመሠረት ሙሊት የምንጠቀምበት ጠጠራማ አፈር) ብዬ አልጠየቅኩም፤ እኔ ጠንካራ ሲባል የመሠረት መሬት ነው የታየኝ፣ እሱ ደግሞ ያለው ድጅኖ አልገባም ነው፣ ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

ነሐሴ ላይ ከበሩ አጠገብ ግንቡ ተሰነጠቀ። ጣቴ ይገባበታል። የብረት በሩም አልዘጋ አለ።

ከቆፋሪዎቹ አንዱ ከበቾ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፣ ጋሼ እንላቸዋለን። ምንም ሳይናገሩ እቃ ቤቱ ጥግ፣ ዝናብ ካልነካው የቁፋሮ ክምር ላይ አንድ ጓል አነሱና ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ያ ድንጋይ የመሰለ ነገር ተንጣጣ፣ አረፋ ተፋ፣ ከዳር ከዳሩ እየተላጠ ባልዲው ሥር ጭቃ ሆኖ ተኛ። ቀጥለው የገረጋንቲ ቁራጭ ጣሉ። እሱ እንዳለ ነው።

«ልጄ፣ ይሄማ መረሬ ነው። የበጋ ድንጋይ። ያኔም ለፎርማኑ ብዬው ነበር።»

እሳቸው መረሬ ያሉትን ሌላው ዋልካ ይለዋል፣ ሪፖርታችን ላይ ብላክ ኮተን ነው፣ የአፈር ሳይንስ ሰዎች ደግሞ ቬርቲሶል ይሉታል፤ መገልበጥ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ስም ነው። እውነትም ይገለበጣል። በበጋ ይሰነጠቃል፣ የላዩ አፈር ስንጥቁ ውስጥ ይወድቃል፣ ክረምት ሲገባ ሸክላ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ሁሉንም ያተራምሰዋል። ለዚህ ነው «የላዩን 20 ሳንቲም ጥረጉ» የሚለው የተለመደ ትእዛዝ እዚህ የማይሠራው። ብትጠርገው ከሥሩ የምታገኘው ያንኑ ጥቁር ነው። ለታችኛው አፈር ደግሞ ሁላችንንም የሚያግባባ አንድ ቃል የለንም። ከርሰ ምድር ብትል ሰው ትዝ የሚለው ውሃና ማዕድን ነው።

ጋሼ አገራቸው ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ መሆኑን፣ መሬቱ ውሃውን ይዞ ስለሚቆይ ያለ ዝናብ እንደሚበቅል አጫወቱኝ። እኔ ግንብ የሠራሁበት አፈር ማለት ነው።

የተሰነጠቀውን አፍርሰን፣ ጥቁሩ እስኪያልቅ ቆፍረን፣ ገረጋንቲ በ20 በ20 ሳንቲም እየደለደልን ሞላን። ወጪው የማን እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ስብሰባ ፈጀ፣ እሱን ልተወው።

አሁን የጉድጓድ መመዝገቢያዬ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ፦ «ቆፋሪው ምን ይለዋል?» ባለፈው ሳምንት አንዱ ወጣት ምን ብሎ ሞላልኝ? «አስቸጋሪ።»