ቃታውን ከሌባ ጣት ወደ አውራ ጣት

ዘጠኝ ዓመት ያደንኩት የእጅ አንጓ ላይ በሚታሰር፣ በሌባ ጣት በሚሳብ ሪሊዝ ነው። ለማያውቅ ሰው፦ የኮምፓውንድ ቀስት (ባለ መዘውሩ ዘመናዊ ቀስት) አውታር አብዛኛውን ጊዜ በባዶ ጣት አይሳብም። ሪሊዝ የምትባል ትንሽ መሣሪያ አውታሩ ላይ ያለችውን ቀለበት ትይዛለች። ቃታዋ ሲነካ ትለቃለች፤ ፍላጻው ይሄዳል።

ያለፈው ዓመት ጥቅምት፣ እዚህ ቨርጂኒያ፣ ዛፍ ላይ ተቀምጬ 25 ያርድ ላይ አንዲት አጋዘን ቆመችልኝ። ፒኑ (ቀስቱ ላይ ያለችው የማነጣጠሪያ ነጥብ) ሳንባዋ ላይ ሳይደርስ ጣቴ ቃታውን መታው። ፍላጻው ሆዷን መታ። ሆዷን የተመታች አጋዘን ወዲያው ከተከተሏት ርቃ ትሄዳለች፤ ስለዚህ እስኪነጋ ጠበቅን። ያገኘናት ረፋድ ላይ ነው። ሥጋዋ ተበላሽቶ ነበር። ስቃይዋ ግን ከሥጋው በላይ ከበደኝ፤ እስካሁንም ከዓይኔ አልጠፋም።

ይህ ነገር ስም አለው፣ ታርጌት ፓኒክ ይባላል። አእምሮ ፒኑን ዒላማው አካባቢ ሲያይ "አሁን!" ይላል፤ ጣት ይታዘዛል። ሌባ ጣት ደግሞ ዕድሜ ልኩን ነገር ሲነካካ የኖረ ፈጣን ጣት ነው።

ጥር ላይ የአውራ ጣት ሪሊዝ ገዛሁ። የምለማመድበት ቦታ ያሉ አንድ አዛውንት አዳኝ ግን ገና ሲያዩኝ፣ "መሣሪያው ብቻውን አያድንህም። አውራ ጣትህንም ያንኑ ታስተምረዋለህ" አሉኝ። ልክ ነበሩ።

የመጀመሪያው ሳምንት በደም ተጀመረ። 60 ፓውንድ የሚከብደውን አውታር እየሳብኩ አውራ ጣቴ ሳላስበው ቃታው ላይ አረፈ። አውታሩ አመለጠ፣ ቡጢዬ ከንፈሬን ተረተረው። ፍላጻው ዒላማው ላይ የተሰካው ስስብ ሁልጊዜ ወደ ዒላማው ስለማዞር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ እየሳብኩ አውራ ጣቴን ከቃታው ጀርባ አስቀምጣለሁ፤ እጄ መንጋጭላዬ ላይ ካላረፈ ወደ ፊት አይመጣም።

ከዚያ ስድስት ሳምንት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ፣ ከዒላማው አምስት እርምጃ ርቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የለቀቅኩት። በቀን 20 ፍላጻ። ማነጣጠር የለም። ፒን ካላየሁ የምቸኩልበት ነገር የለኝማ። ቃታውን በጣቴ ጫፍ ሳይሆን ወደ መገጣጠሚያው ጠጋ አድርጌ አቅፈዋለሁ። ስፕሪንጉንም ሆን ብዬ አጠነከርኩት። ከዚያ አውራ ጣቴን ዝም አሰኝቼ የቀኝ ክርኔን በጀርባዬ ጡንቻ ወደ ኋላ እስባለሁ። እጄ ሲወጠር ቃታው በራሱ ጊዜ ይለቃል። መቼ እንደሚለቅ አለማወቅ መጀመሪያ ያስፈራል። መድኃኒቱ ግን እሱው ነው።

ሌላ ያልጠበቅኩት ነገር፣ እጄ ፊቴ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ተቀየረ። ስለዚህ ፒፑ (አውታሩ ላይ ያለችው የማያ ቀዳዳ) ከዓይኔ ጋር አልገጠመም። ሱቅ ሄጄ አስተካከልኩ፤ ፒኖቹንም ከ20 ያርድ ጀምሬ አንድ በአንድ እንደገና አነጣጠርኩ። ይህን በኦገስት፣ የአደን ወቅት ሊገባ ሲል የሚጀምር ሰው ራሱን ያስጨንቃል። እንደ እኔ ጥር ላይ ጀምሩት።

ሪሊዙ ማሰሪያ የለውም፣ ከዛፍ ላይ ከወደቀ ቀኑ አለቀ። እኔ አውታሩ ላይ ቆልፌ እተወዋለሁ፤ ኪሴ ውስጥም ትርፍ አለኝ፣ በተመሳሳይ የተስተካከለ። በወፍራም ጓንትም ተለማመዱ፤ ቃታው በጓንት ሲነካ ሌላ ነው።

ዘንድሮ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ አንዲት አጋዘን 22 ያርድ ላይ መጣች። ሳብኩ። ፒኑ ትከሻዋ ላይ ቆመ፣ እሷ ግን ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ነበር፤ ለሳንባ የሚሆን መንገድ የለም። ድሮ ቢሆን ጣቴ አይጠብቅም ነበር። ጠበቅኩ። አልዞረችም። አውራ ጣቴን ወደ ኋላ መለስኩ፣ አውታሩን ቀስ ብዬ አወረድኩት። እያየኋት ሄደች። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

በሳምንቱ ሌላዋ ጎኗን ሰጥታኝ ቆመች። ክርኔን ሳብኩ፣ ፍላጻው መቼ እንደሄደ አላወቅኩም። 50 እርምጃ ያህል ሮጣ ወደቀች። የገና ጾም ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት ጥብሱን ከጎረቤቶቼ ጋር በላን።